ያላለቀሰችው መንታ

መንታ የልጅ ልጆች አሉኝ። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ ከአንድ እንቁላል የተከፈሉ ናቸው ስትለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እንቁላልን ከዶሮ ጋር እንጂ ከልጄ ሆድ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። ደማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ ነው። የወለደቻቸው ልጄ እንኳ ከኋላ ካየቻቸው ትሳሳታለች። እኔ አልሳሳትም። አንዷ ከውጭ ስትገባ መጀመሪያ የሰው ፊት ታያለች፤ ማን ተቆጣ፣ ማን አኮረፈ ብላ። ሌላዋ መጀመሪያ ድስቱን ታያለች።

ቀድማ የወጣችውን ፊተኛዋ፣ ተከትላ የመጣችውን ኋለኛዋ ብዬ ልጥራቸው። ድስቱን የምታየው ፊተኛዋ ናት።

የምኖረው ከላሊበላ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ እስከ አራተኛ ክፍል ገፋሁና ዳሩኝ። ልጄ ከተማው ውስጥ ሆቴል ቤት አንሶላ ታጥባለች። እንግዳ ሲኖር የቆሸሸውን ታጥባለች፣ እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ንጹሑን መልሳ ታጥባለች። የልጆቹ አባት የኩልመስክ ሰው ነው፤ ሾፌር ነበር፤ አንድ ቀን መኪናውን አስነስቶ እንደነዳ ቀረ። እናታቸው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለምትመጣ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ።

እኩል አሳደግኋቸው እያልኩ አገር ምድሩን አሰልችቻለሁ። በእኛ ቤት ዳቦ ሲቆረስ አንዷ ትቆርሳለች፣ ሌላዋ ቀድማ ትመርጣለች፤ በሚቀጥለው ቀን ይገላበጣል። ጫማ ከተገዛ ለሁለቱም ነው፣ ካልተገዛ ለማንም አይገዛም። በዚህ ዓለም የማልታገሠው ነገር ቢኖር አድልዎ ነው። የእርዳታ ስንዴ ሲሰፈር፣ የቦኖ ውኃ ተራ ሲዘለል፣ እድር ላይ ለአንዱ ትልቅ ሳህን ለሌላው ትንሽ ሲቀርብ፣ እኔ ካለሁ ጠብ አለ። ሰዎች ሲያዩኝ ወረፋቸውን ያስተካክላሉ። ይኼ ክብር ነው ብዬ እኖር ነበር።

ኋለኛዋ ፈሪ ናት። ትንሽ ትፈራለች ማለቴ አይደለም። ደመና ሲከብድ ሆዷን ያማታል። መምህሩ ስሟን ከጠራ ያስመልሳታል። እናቷ ወደ ከተማ በሄደች ቁጥር፣ «ባጃጁ ይገለበጥ ይሆን?» እያለች ታደርቀኛለች፤ እናቷ በእግሯ እንደምትሄድ እያወቀች።

ፊተኛዋን የሚያስፈራት ነገር እስካሁን አላገኘሁላትም። የሚያሳዝናትም እንደዚያው። አካባቢያችን ተኩስ በሰማበት ሰሞን ሁለቱንም ከአልጋ ሥር ከትቼ እኔም አብሬያቸው ተጋድሜያለሁ። ኋለኛዋ ጥፍሯን ክንዴ ላይ ሰክታ ትንቀጠቀጣለች። ምድሩንም ቤቱንም የሚያንቀጠቅጥ ነገር ጮኾ ገና ሳይበርድ ፊተኛዋ፣ «እምዬ፣ ቆሎው አልቋል?» አለችኝ።

ባሌ የሞተ ዕለትም እንዲሁ ነው። ድንኳን ሙሉ ሰው እያለቀሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አልጋው አሁን የማን ነው?» አለች። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ሰምተው እንባቸው ደረቀ። እውነቱን ልናገርና እኔም ስለ አልጋው እያሰብኩ ነበር።

አገራችን ሰውን የሚለካው በእንባ ነው። ለቅሶ ቤት ማን ደረቱን ደቃ፣ ማን ድምፁን ብቻ አወጣ፣ ማን በነጠላው ጫፍ ደረቅ ዓይን ጠረገ፣ ሁሉም ይታያል፣ ሁሉም ይያዛል። ያለቀሰ ደግ ነው። ያላለቀሰ ልበ ድንጋይ ነው። ፊተኛዋም ከዚያ ለቅሶ በኋላ ልበ ድንጋይ ተባለች። ልብ በሉ፣ ገና ሰባት ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ባለፈው በጋ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ ዳር የዝናብ ውኃ እንዲያቁር ተብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ውኃ አቁሮ አያውቅም፤ ጥልቀቱ ግን ከሰው ቁመት ይበልጣል። አጥሩን ማገዶ ያጣ ሰው ነቅሎ ወስዶታል። የጎረቤቴ ልጅ፣ የስድስት ዓመቱ፣ ያላት እሱ ብቻ ነው፣ ከመንቶቹ ጋር ከትምህርት ቤት ሲመለስ እዚያ ገባ።

ቀን ስድስት ሰዓት ላይ መንቶቹ ቤት ደረሱ። ፊተኛዋ ምሳዋን በላች፤ የእህቷንም ጨመረች። ኋለኛዋ አሞኛል ብላ አልጋ ሥር ገባች። እሷ አልጋ ሥር መግባቷ በእኛ ቤት ዜና ስላልሆነ ዝም አልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ልጄን አዩት ወይ እያለች መጣች። ለእኔ ነው ያለችው፤ እኔ አላየሁም፤ አላየሁም አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንደሩ በሙሉ ሸለቆ ለሸለቆ ተበተነ። እኔም ስጣራ ውዬ ድምፄ ሲዘጋ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ፊተኛዋ አጠገቤ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። እንዲያው ለወግ ያህል ጠየቅኋት።

«አንቺ፣ የጎረቤታችንን ልጅ አይተሽዋል?»

«አዎ።»

«የት?»

«ጉድጓዱ ውስጥ።»

«መቼ?»

«ከትምህርት ቤት ስንመለስ። ወደቀ።»

«እስካሁን ለምን አልተናገርሽም!»

ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አውጥታ ወረወረች። «ማን ጠየቀኝ?»

«ሞቶስ ቢሆን?»

«ይጮኽ ነበር። የሚጮኽ ሰው አልሞተም።»

ልጁ ሲወጣ ክንዱ ተሰብሯል፤ ከመጮኹ ብዛት ድምፁ የለም። መንደሩ በሙሉ እኔ ቤት ደጃፍ ተሰበሰበ። ኋለኛዋን ከአልጋ ሥር ስንጎትታት ልብሷ ረጥቧል፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። እሷም አይታ ነበር። እንዲያውም ከእህቷ ይልቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆይታለች። «ልናገር ፈልጌ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ» አለች፤ አለቀሰች። ሴቶቹ ተሻምተው አቀፏት። «አንጀቴን በላችው! ደንግጣ እኮ ነው!» የልጁ እናት ራሷ፣ የገዛ ልጇ ክንድ ተሰብሮ፣ የኋለኛዋን ንፍጥ በነጠላዋ ጠረገችላት። ከዚያ ሁሉም ወደ ፊተኛዋ ዞሩ። ቆማ ታያቸዋለች። ዓይኗ እንደ በጋ መሬት ደርቋል።

«አውሬ!» አለች ጎረቤቴ።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው። ሁለቱም አይተዋል። ሁለቱም ዝም ብለዋል። ልጁ ለአራት ሰዓታት ጉድጓድ ውስጥ የቆየው በሁለቱም ዝምታ ነው። የአንዷ ዝምታ በእንባ ታጥቦ ነጻ ወጣ፤ የሌላዋ ደረቅ ስለሆነ ወንጀል ሆነ።

«ጥፋቱ የሁለቱም ነው» አልኩ።

«እትዬ፣ እንዴት እንዲህ ይላሉ?» አለች ጎረቤቴ። «ያቺ ፈርታ ነው። ይቺ እኮ ምሳዋን በልታለች!»

«ባትበላ ኖሮ ልጅሽ ቶሎ ይወጣ ነበር?»

መልሱ ትክክል ነው፤ ጊዜው አልነበረም። ጎረቤቴ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አላነጋገረችኝም።

በሳምንቱ ወሬው ሁሉ ደም ሆነ። የአባቷ ደም ነው አሉ። የኩልመስኩ አያቷ በሬው ገደል ሲገባ አንዲት እንባ ሳያፈስ ቢላዋ ይዞ ወረደ ይባላል። እንግዲህ በሬው ከሞተ ምን ይዞ ይውረድ? ግን ማን ይሰማኛል። የንስሐ አባታችን ሽማግሌዎች ይዘው ነገሩን ቆረጡት፤ እሑድ ዕለት ፊተኛዋ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ በማጅራቷ ተሸክማ ጎረቤቴን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ከዚያ የአባቷ ወንድም ከኩልመስክ መጥቶ ይወስዳታል። «ዘሯ ያስተካክላት» አሉ። እህቷ ትቀራለች። ልጄም ከከተማ በስልክ እሺ አለች። «እናቴ፣ ደክሞኛል፤ ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስርብን በእሷ ምክንያት ነው» አለችኝ። በዘጠኝ ዓመቷ አንዲት ልጅ፣ ሁለት ሰው ባጠፋው ጥፋት፣ አይታው ወደማታውቀው ቤት ልትላክ አራት ቀን ቀራት።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱንም ይዤ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። እዚያ የልጆችን ጠባይ የምታይ ባለሙያ መጥታለች ሲባል ሰምቼ ነበር። የደሴ ልጅ ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ሳቋ ረጅም። ልጆቹን ለየብቻ ስታጫውት ቆየችና እኔን ወረቀት ዘርግታ ትጠይቀኝ ጀመር። በፍጹም፣ አንዳንዴ፣ ሁልጊዜ ብዬ እንድመልስ ነው።

«ሌላ ሰው ሲያዝን ያሳስባታል?»

«ማን ሲያዝን?»

«ማንም።»

«ማንም ሲያዝንማ ማንን ያሳስባል?»

«እሺ፣ ስሜቷን ከሰው ትደብቃለች?»

«ያልደበቁት ምን አተረፉ?»

«ጥፋት ስታጠፋ ይቆጫታል?»

«ጥፋቱ የእሷ ከሆነ አንዳንዴ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ እኔ የምጠይቅዎት ስለ ልጅቷ ነው።»

«እኔም ስለ ልጅቷ ልመልስ እየሞከርኩ ነው» አልኳት። «መልሱ የእኔ እየሆነ አስቸገረኝ እንጂ።»

«አጃኢብ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ጠረጴዛዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከፊሉ ይዘውት የሚወለዱት ነው አለችኝ፤ አንዱ ልጅ ሲወለድም ለፍርሃት ቅርብ ይሆናል፣ ሌላው የሰው ሕመም ቶሎ አይሰማውም። ከፊሉ ደግሞ ከአስተዳደግ ነው። ይኼን ያህል እጅ ከደም፣ ይኼን ያህል እጅ ከቤት ብሎ ለአንዲት ልጅ በስፍር ለክቶ የሚናገር ሰው ግን የለም።

«ከአንድ እንቁላል ናቸው፣ ደማቸው አንድ ነው ብለሽኛል። ቤታቸውም አንድ ነው። ታዲያ ከየት ተለያዩ?»

«ቤታቸው አንድ ነው?»

«እኩል ነው ያሳደግኋቸው» አልኩ፤ ደረቴ ተነፋ።

«ማታ ከእርስዎ ጋር የምትተኛው ማን ናት?»

«ኋለኛዋ። ታለቅሳለቻ።»

«ፊተኛዋስ?»

«ብቻዋን። እሷማ አታለቅስም።»

«በአርጩሜ የምትቀጣዋስ?»

«ፊተኛዋ ትበዛለች። ኋለኛዋ ገና ሳነሳው ስለምትጮኽ እተዋታለሁ። ፊተኛዋ ስለማታለቅስ...» አልኩና ቆምኩ።

«ስለማታለቅስ?»

«እጨምርላታለሁ።»

ብትቆጣኝ እመልስላት ነበር፤ ባለሙያዋ ግን ወረቀቷን ብቻ አጠፈች። ወረፋ ስጠብቅ፣ ስንዴ ስሰፍር፣ የሰው ሳህን ሳስተካክል ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምትጮኸው ሁለት ድርሻ ሳወጣ ከርሜያለሁ። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ቤት ነበረኝ።

የነገረችኝ ብዙ አይደለም። ፊተኛዋን ዱላ አያስተምራትም፤ ይበልጥ ያደርቃታል እንጂ፤ ጥሩ ስትሠራ ያመስግኗት፣ ይቀፏት፣ የሰው ፊት ማንበብን እንደ ፊደል ያስቆጥሯት። ኋለኛዋን ደግሞ ከፈራችው ነገር ሁሉ አይደብቋት፤ በተሸሸገች ቁጥር ፍርሃቷ ይወፍራል። ስም ደግሞ አታውጡላቸው፤ ገና ልጆች ናቸው።

ቤት ስንደርስ አርጩሜውን እሳት ውስጥ ከተትኩ። ፊተኛዋን ጠርቼ አቀፍኳት። እንደ ጣውላ ቀጥ ብላ ቆመችና፣ «እምዬ፣ ሞተሻል እንዴ?» አለችኝ። ልትሞቺ ነው እንዴ ማለቷ መሰለኝ። ማታ ከእኔ ጋር ተኚ ስላት ጠጉርሽ ቅቤ ቅቤ ይላል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ኋለኛዋ ቦታዋ ስለተወሰደ ከሌላው መደብ ላይ ኡኡ አለች። ፍትሕ እንዲህ ጫጫታ እንዳለው አላውቅም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ወይራው ሥር ተሰበሰብን። የንስሐ አባታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሽማግሌ ገና ነገሩ ሳይጀመር ያንቀላፋሉ። ልጄ ከከተማ መጥታለች። ጎረቤቴ ክንዱ በጨርቅ የታሰረ ልጇን ይዛ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የመንቶቹ አጎት ከኩልመስክ መጥቶ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዳር ቆሟል። ድንጋይ እንዳመጣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ሁለት አመጣሁ። ባለሱቁ ሚዛን ላይ አስመዝኛቸዋለሁ፤ ሁለቱም ሁለት ኪሎ ተኩል ናቸው።

«ልጄ፣ አንድ ድንጋይ ነበር ያልነው» አሉኝ የንስሐ አባታችን። በዕድሜ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ናቸው፤ ካባ ስለደረቡ ልጃቸው ነኝ።

«አባ፣ ያጠፉት ሁለት ናቸው።»

«ያችኛዋ እኮ አልቅሳለች።»

«እንባዋ ገመድ ሆኖ ልጁን አወጣው እንዴ አባ?»

አንቀላፊው ሽማግሌ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ «እውነቷን ነው» አሉ። ስለዚህ ሁለቱም ተሸከሙ። ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ያዙ። ወጉ እንዲህ ነው፤ የተበደለው ሰው ይቅር ብያለሁ፣ አውርዱላት እስኪል ድንጋዩ አይወርድም።

ኋለኛዋ አንድ ደቂቃም አልቆየች። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ወደቀች። ሰው ሁሉ ተነሣ። «አውርዱላት! ይቅር ብያለሁ! ኧረ ውኃ!» ትላለች ጎረቤቴ። እኔም እንደ ሁሉም ሮጥኩ። ጭኔ ላይ አስተኝቼ በነጠላዬ አራገብኳት፣ ፊቷን ረጨኋት፣ ስሟን እየጠራሁ ሳምኳት። እስክትነቃ ድረስ ሌላ ነገር አላየሁም። ሁላችንም አላየንም።

«እምዬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «የእኔ እስከ መቼ ነው?»

ፊተኛዋ ካቆምናት ቦታ አልተነቃነቀችም። ጎንብሳ፣ ድንጋዩን ይዛ፣ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ፣ ላቧ ከአፍንጫዋ ጫፍ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷት የእህቷን ፊት ይጠርጋል። እኔም ጭምር። ከጤና ጣቢያ ተመክሬ ከመጣሁ ሦስት ቀኔ ነው።

ኋለኛዋን ልጄ ጭን ላይ አድርጌ ተነሣሁና ከፊተኛዋ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ።

«በያ፣ ይቺንም አስወርጃት» አልኳት ጎረቤቴን።

«ታልቅስና አስወርዳታለሁ።»

«አታለቅስም። ሌላ ነገር ጠይቂ።»

«እንግዲያው ወደ ዘሯ ትሂድልኝ! የአባቷ ደም ነው እትዬ፤ እርስዎም ያውቁታል።»

«ደም ነው?» አልኩ። «ደማቸውማ አንድ ነው፤ ደም ከሆነ ሁለቱንም ጫኑ። ደግሞ ደሙ ከኩልመስክ አልመጣም። ከዚህ ነው የመጣው!» ደረቴን መታሁ። «አባቴ የሞተ ቀን አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አላለቀስኩም። አክስቶቼ እንዳለቅስ ጭኔን እየቆነጠጡ አበለዙት፤ እኔ የማንኛዋ አክስቴ እንባ ውሸት እንደሆነ ስመለከት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት የምሄደው በነጠላዬ ጫፍ ሽንኩርት ቋጥሬ ነው።»

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«የእኔ እናት ለቅሶ ላይስ?» አለች ጎረቤቴ፤ ድምፏ ቀጠነ። «ከሁሉም በላይ ያለቀሱት እርስዎ ነበሩ!»

«ቀይ ሽንኩርት ነበር። አዲስ የተነቀለ።»

አንቀላፊው ሽማግሌ በሳቅ ፈረሱ። ሌላው ሊቆጧቸው ዞሩና እሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «እናትሽን ግን ስድስት ወር ሙሉ ገላዋን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ያን ጊዜ ያለቀሱት ሁሉ የት ነበሩ? ሰው ለደሙ የሚባረር ከሆነ መጀመሪያ እኔን መኪና ላይ ጫኑኝ።»

ይኼኔ የጎረቤቴ ልጅ ከእቅፏ ወርዶ ክንዱን ደረቱ ላይ እንደያዘ ፊተኛዋ ፊት ሄዶ ቆመ። እንድታየው ብሎ ጎንበስ አለ።

«ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?»

ከድንጋዩ ሥር አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። «‹እማዬ› እያልክ ነበር። እኔ እናትህ አይደለሁም።»

ሰው አጉረመረመ። ልጁ ግን አሰበበት።

«ጥሪልኝ ማለቴ ነበር።»

«እንደዚያ መሆኑን አላወቅሁም።»

«አሁንስ?»

«አሁን አወቅሁ።»

«ሌላ ቀን ብወድቅ ትጠሪያታለሽ?»

«እጠራታለሁ» አለች። ቀጥላ፣ «ጉሮሮህን አሞህ ነበር?»

«በጣም! ውኃ እንኳ መዋጥ አቅቶኝ ነበር።»

«ድምፅህ ከሩቅ ይሰማ ነበር» አለችው፤ አድናቆት ነበረበት። ልጁ ኮራ። ወደ እናቱ ዞሮ፣ «እማዬ፣ ድንጋዩ ከባድ ነው፣ አስወርጂላት» አለ።

ጎረቤቴ ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ መሬቱን አየች። ይቅር ብያለሁ አላለችም። «አውርጂው» ብቻ አለች፤ እሱንም በጥርሷ መሃል። የንስሐ አባታችን ግን ሐሳቧን እስክትቀይር አልጠበቁም፤ ዘለው ተነሥተው፣ «የተበደለው ራሱ ምሯል! እግዚአብሔር ይመስገን!» ብለው ባረኩን። ለመሄዱ ነገር ምን ይሁን ሲባልም፣ «ይህች ሴት ባለችበት ማን ማንን ይልካል? ትቅር» አሉ። ቅዳሜና እሑድ ጉድጓዱን በእሾኽ እንድናጥር ፈረዱብን፤ እኔንና ሁለቱንም። ይኼ ፍርድ ተስማምቶኛል። ኋለኛዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ መቆምን ትለምዳለች፤ ፊተኛዋ ማጠር ለሌላ ሰው መሥራት መሆኑን ትቆጥራለች።

ልጄ ኋለኛዋን አቅፋ ወደ እኔ መጣች። እሷ እንባዋ ቅርብ ነው፤ አባቷን ነው የመሰለችው። «እናቴ፣ ለአባቴም ሽንኩርት ነበር?» አለችኝ።

«ለአባትሽ አልያዝኩም» አልኳት። ከዚያ በላይ አላስረዳኋትም፤ እሷም አላስጨነቀችኝም።

ያ ከኩልመስክ የመጣ አጎት ቤቴ ገብቶ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ምሳ በላ። እጁን ሲታጠብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እንኳን ቀረች እትዬ፤ እንዲያው ከነገሩኝ በኋላ ፈርቻት ነበር» አለኝ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ጢም አለው። አሥር ሰዓት ላይ ፊተኛዋን አስከትዬ መኪና እስከሚያገኝበት መንገድ ሸኘሁት። እሱ ከመኪናው ላይ እጁን አወዛወዘ። እሷ አላወዛወዘችም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ፣ «እሱ ሊወስደኝ ነበር የመጣው?» አለች።

«አዎ።»

«ለምን አልሰጠሽኝም?»

«የእኔ ስለሆንሽ።»

አሰበችበት። «እሺ» አለች፤ ቀድማኝ ሄደች። እሷ እንደ ፍየል ትወጣለች፤ እኔ ጉልበቴን ይዤ አዘግማለሁ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ምንም ሳትናገር ተነሣች፣ ትከሻዋን ወደ እጄ አስጠጋች፣ ተደገፍኳት፤ ቤት እስክንደርስ በእኔ እርምጃ ሄደች። አዝናልኝ ይሁን ደክሟት አላውቅም። ለጉልበቴ ሁለቱም አንድ ናቸው።